አካል ጉዳት ጠዋትን ሲሻማ፦ የሥራ መግቢያ ሰዓት እንዲመቻች የመጠየቂያ ዝርዝር መመሪያ

በአብዛኛው መሥሪያ ቤት ማርፈድ የሚቆጠረው እንደ ጠባይ ጉድለት ነው። ሰነፍ፣ ግድ የለሽ፣ ሥራውን የማያከብር ይባላል። በዚህ ምክንያት ሕመሙ ወይም አካል ጉዳቱ ጠዋት ጠዋት የሚይዘው ሠራተኛ መንገድ ላይ ሳለ ይቅርታውን ሲያቀናብር ይደርሳል። የዛሬው ይቅርታ ተቀባይነት ያገኛል፤ የነገውም ምናልባት። ከዚያ የቅርብ ኃላፊው ይቀየራል፣ ወይም ትዕግሥቱ ያልቃል፣ እስከዚያ በፈገግታ የታለፈው ሁሉ ተሰብስቦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሆኖ ይመጣል።

ስለዚህ ይቅርታ መጠየቁን ትተው ሰዓት ይጠይቁ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን ጥያቄ እንዴት አዘጋጅቶ፣ በማስረጃ ደግፎና በጽሑፍ አስፍሮ ማቅረብ እንደሚቻል ያሳያሉ። ዋናው ተደራሲ ሠራተኛው ነው፤ ወደ መጨረሻው ግን ለኃላፊዎችም የሚሆን ነገር አለ።

1. በመጀመሪያ መብቱ ከየት እንደሚመነጭ ይወቁ

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ ውሏል። አንቀጽ 2 «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» የሚለውን ሐሳብ ይተረጉማል፦ ለአንድ የተወሰነ ሰው የሚያስፈልግ፣ በሌላው ወገን ላይ ከመጠን ያለፈ ሸክም የማይጭን ለውጥ ማለት ነው። ይህን መንፈግ ራሱ አድልዎ እንደሆነም እዚያው ተጽፏል። አንቀጽ 27 ደግሞ ጉዳዩን ወደ ሥራ ቦታ ያመጣዋል።

አገሮች ይህን ሐሳብ በየራሳቸው ሕግ አስገብተውታል። በአሜሪካ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ በብሪታንያ የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይገኛሉ። የኢትዮጵያው አዋጅ ለዚህ ርእስ የሚጠቅም አንድ ነገር አለው፤ ማመቻቸት ምን ምን እንደሚያካትት ሲዘረዝር ከመሣሪያና ከሥራ አካባቢ ጎን የሥራ ሰዓትንም ይጠቅሳል። ሰዓት ማስተካከል ከደግነት የሚመነጭ ስጦታ ነው ብሎ የሚያስብ ኃላፊ ካጋጠመዎት ይህን ማስታወስ ይበቃል።

በሌላ በኩል የማርፈድ ቅጣትም ሕግ ውስጥ አለ። እዚያው ኢትዮጵያ ውስጥ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቂ ምክንያት ሳይኖረው፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው፣ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ አሠሪው የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጥ እንዲያሰናብት ይፈቅዳል። ስምንት ቀን ማለት አንድ መጥፎ ወር ነው። ጥያቄው ቀድሞ መግባት ያለበት ለዚህ ነው።

2. ደቂቃዎቹ የት እንደሚሄዱ ይመዝግቡ

ብዙዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው ይህ ነው። «ጠዋት ይከብደኛል» የሚል ጥያቄ «ለማን አይከብደውም?» የሚል መልስ ያስከትላል። ደቂቃ የያዘ መዝገብ ግን ለዚህ መልስ ቦታ አይሰጥም።

ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በማስታወሻ ደብተር ወይም በስልክዎ ይመዝግቡ። ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም። የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበት ሠራተኛ የአንድ ቀን መዝገብ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ሰኞ። ነቃሁ 12፡00። ጣቶቼ ተፈተው ቁልፍ መያዝ ቻሉ 1፡10። ለብሼ ጨረስኩ 1፡40። ከቤት ወጣሁ 1፡55። በር ላይ ደረስኩ 2፡50። አሻራ ሰጠሁ 2፡58።»

መግቢያው 2፡30 ከሆነ ይህ ሰው 28 ደቂቃ አርፍዷል። አሁን መዝገቡን ቀረብ ብለን እንየው። ከእንቅልፍ እስከ ልብስ ያለው አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሕመሙ ነው፤ በመገጣጠሚያ ብግነት የጠዋት መገተር ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየቱ የታወቀ ነገር ነውና ሐኪም ያለ ችግር ይመሰክርለታል። ከበሩ እስከ አሻራ መስጫው ያለው ስምንት ደቂቃ ግን የሕንፃው ነው። መሣሪያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅሏል፣ አሳንሰሩ ወረፋ አለው፣ ደረጃውን ደግሞ ጉልበቱ አይችለውም። ይህን ስምንት ደቂቃ ለማስቀረት የመግቢያ ሰዓት መቀየር አያስፈልግም፤ መሣሪያውን ወደ መግቢያው በር ማውረድ ወይም ሌላ የመፈረሚያ መንገድ መፍቀድ ይበቃል። መዝገቡ ባይኖር ሁለቱ ተደባልቀው «ያረፍዳል» በሚል አንድ ቃል ይታለፉ ነበር።

ቁጥሮቹ ሲሰበሰቡ መልክ ያወጣሉ። በየቀኑ ከሞላ ጎደል እኩል የሚያዘገይ ነገር አለ። ሳይታሰብ የሚመጣ አለ። ቀኑ ቀድሞ የሚታወቅ፣ እንደ ሕክምና ቀጠሮ ያለም አለ። የሚጠይቁት ለውጥ በዚህ ልዩነት ላይ ስለሚቆም የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ወደ ሚቀጥለው አይለፉ።

መዝገቡን ይዘው በመጀመሪያ ወደ ሐኪምዎ መሄድም አይከፋም። ጠዋት የሚያደነዝዝ መድኃኒት የመውሰጃ ሰዓቱ ሊቀየር ይችል ይሆናል። ይህን በራስዎ አይሞክሩት፤ ጥያቄው ግን መነሣት አለበት፤ የሰው ሀብት ክፍሉም መጠየቁ ስለማይቀር ቀድሞ መልሱን መያዝ ይሻላል።

3. ሰዓቱ ለሥራዎ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በሐቅ ይመዝኑ

ክርክሩ ሁሉ የሚወድቀውም የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። በሰዓቱ መገኘት የሥራው እምብርት ነው ወይስ የመሥሪያ ቤቱ ልማድ? አውቶቡስ የሚነዳ፣ ከሌሊት ፈረቃ ታካሚ የሚረከብ ነርስ፣ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር መምህር ሰዓቱ ራሱ ሥራቸው ነው። ሰነድ የሚያስገባ፣ ሒሳብ የሚያመሳክር፣ ሶፍትዌር የሚጽፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለግበት ውጤቱ ነው።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ይህን ጥያቄ ደጋግመው አይተውታል፤ ሦስት ጉዳዮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2000 የአንደኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበትንና የላቦራቶሪ መረጃ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባን ሠራተኛ ጉዳይ ተመለከተ። ሥራው በቀኑ ውስጥ እስካለቀ ድረስ በተወሰነ ሰዓት መጀመሩ ለምን የግድ እንደሆነ አሠሪው አላሳየም በማለት ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ እንዲቀጥል ወሰነ። በ2013 ደግሞ የሁለተኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት ጠዋት ጠዋት የሚያደነዝዘውን የኒውዮርክ ከተማ ሠራተኛ ጉዳይ አየ። መሥሪያ ቤቱ ለዓመታት ማርፈዱን ሲያልፍለት ቆይቶ ኋላ ላይ መቅጣት ጀምሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ በሰዓቱ መድረስ ለማንኛውም ሥራ ወሳኝ ነው ብሎ በደፈናው መነሣት ስሕተት መሆኑን ገልጾ ጉዳዩን ወደ ሥር ፍርድ ቤት መለሰው።

ሦስተኛዋ ሠራተኛ ተሸንፋለች። እርሷም ጉዳይዋ በ2000 በአሥራ አንደኛው ክልል ፍርድ ቤት የታየ፣ የመደብር ክፍል አስተባባሪ የነበረችና ሐሳብን የሚያመላልስና ድርጊትን የሚያስደጋግም የአእምሮ ሕመም (ኦሲዲ) ያለባት ሴት ነበረች። የጠየቀችው በፈለገችው ሰዓት እንድትደርስ፣ ምንም ሳትወቀስ፣ የጎደለውን ማታ እንድታካክስ ነበር። መደብሩ ከመከፈቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ስለነበረባት ፍርድ ቤቱ ሰዓት ማክበር የሥራዋ ዋና አካል ነው አለ፤ ጥያቄዋንም ተመጣጣኝ ሆኖ አላገኘውም።

ከሦስቱ የምወስደው፦ ወሰን የሌለው ጥያቄ ደካማ ጥያቄ ነው። «ስደርስ ልድረስ» ማለት ለዳኛም ለአለቃም አይዋጥም። «3፡30 እገባለሁ» ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ የሥራ ዝርዝርዎን አውጥተው በእያንዳንዱ ተግባር ፊት ይጻፉ፦ ይህ በስንት ሰዓት መሠራት አለበት? ካልተሠራስ ማን ይጎዳል? በጠዋት የታሰረ ተግባር ካገኙ አይደብቁት። ሊቀያየር የሚችል እንደሆነ ያስቡ፤ የሥራ ባልደረባዎ የጠዋቱን ስልክ ይዞ እርስዎ የማታውን ሒሳብ መዝጋት ቢወስዱ ሁለታችሁም ትጠቀሙ ይሆናል።

4. ለመዘግየቱ የሚስማማውን ለውጥ ይምረጡ

*መዘግየቱ በየቀኑ ተመሳሳይ ከሆነ* መግቢያና መውጫ ሰዓትን እኩል መግፋት ከሁሉም ቀላሉ ነው። አለቃ የሚፈራው አለማወቅን ነውና የታወቀ ሰዓት በቀላሉ ይፈቅዳል። የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበት ሰው የፊኛና የአንጀት እንክብካቤው በየጠዋቱ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ይታወቃል። እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት አለ። ሰዎች በይሉኝታ ከሚያስፈልጋቸው ያነሰ ይጠይቃሉ። 45 ደቂቃ እየፈለጉ 30 ደቂቃ ከጠየቁ ከተፈቀደልዎት ሰዓት ላይ እንደገና ማርፈድ ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ «ሰጥተነውም አረፈደ» ይባላል፣ ይህን ማስተባበል ደግሞ ከመጀመሪያው ጥያቄ ይከብዳል። ከመዝገቡ ላይ አማካዩን ትተው መጥፎውን ቀን ይውሰዱ።

*ሳይታሰብ የሚመጣ ከሆነ* ቋሚ ሰዓት አይረዳም። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ከተጣለ በኋላ ራሱን እስኪያገኝ ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ሰዓታት ያልፋሉ። የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ከቤት ወጥቶ የሚመለስበት ጠዋት አለ። እዚህ የሚጠየቀው የመግቢያ ክልል ነው፤ ለምሳሌ ከ2፡30 እስከ 4፡00፣ የጎደለው በዚያው ቀን ወይም በዚያው ሳምንት እየተካካሰ። ከክልሉ ጋር የማሳወቂያ ደንብ አብሮ ይሂድ፦ በስንት ሰዓት፣ ለማን፣ በምን መንገድ። ራሱን የሳተ ሰው ስልክ አይደውልም። ስለዚህ የቤተሰብ አባል በአጭር መልእክት ማሳወቁ በቂ መሆኑ ከመጀመሪያው ይጻፍ። በወር ከስንት ጊዜ በላይ ከሆነ እንደገና ለመነጋገር መስማማትም ጥያቄዎን ያጠነክረዋል።

*ቀኑ የሚታወቅ ሕክምና ከሆነ* ነገሩ ቀላል ነው። የኩላሊት እጥበት ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የወሩን መርሐ ግብር ይስጡ፣ የሚካካስበትን ቀን ያመልክቱ፣ አለቀ።

*ችግሩ መንገዱ ከሆነ*፣ ማለትም ተሽከርካሪ ወንበር የሚጭን መኪና እስኪገኝ፣ መንገድ መሪ ረዳት እስኪመጣ፣ ሰው የሞላበት አውቶቡስ ሳያቆም ሲያልፍ፣ ከመጨናነቂያው ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መግባት ብዙውን ይፈታል። ሥራው ከፈቀደ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ከቤት ሠርቶ ከዚያ መምጣትም አለ። በብሪታንያ «አክሰስ ቱ ዎርክ» የሚባለው የመንግሥት ድጋፍ የሕዝብ ትራንስፖርት መጠቀም ለማይችል ሠራተኛ የታክሲ ወጪ እስከ መሸፈን ይደርሳል፤ በሚኖሩበት አገር ተመሳሳይ ነገር እንዳለ መጠየቅ አይጎዳም።

*ችግሩ የጊዜ ስሜት ከሆነ* ግን ከላይ ያሉት ሁሉ ሊከሽፉ ይችላሉ። የትኩረት ማነስ ወይም የአንጎል ጉዳት ያለበት ሰው ጊዜ ሳይታወቀው ያልፍበታል። መግቢያውን በአንድ ሰዓት ቢገፉለት መዘግየቱም አብሮት በአንድ ሰዓት ይገፋል። እንዲያውም ልቅ የሆነ የሰዓት ክልል ይብሱን ያምታታዋል። ለእንዲህ ያለ ሠራተኛ የሚጠቅመው የማይለዋወጥ ፈረቃ፣ የመነሻ ሰዓትን እንጂ የመድረሻውን የማይጠራ ማንቂያ፣ በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት ከባልደረባ ጋር የሚደረግ አጭር የስልክ ግንኙነት፣ ከምሳ በፊትና በኋላ የሚታይ የሰዓት ቆጣሪ ነው። ተለዋዋጭ ሰዓትን ለሁሉም መድኃኒት አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎች ይህን ስለሚዘነጉ ብዙ ሰው የማይሆነውን ለውጥ ጠይቆ፣ አግኝቶ፣ ከዚያ ወድቆበታል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ የክፍሉ ስብሰባ። መግቢያዎ ወደ 3፡30 ተዛውሮ የሳምንቱ ስብሰባ 2፡30 ላይ ከቀረ በየሳምንቱ አንድ ቀን «ያረፈደ» ሆነው ይታያሉ። ከሰዓቱ ጋር ስብሰባውንም አብረው ይጠይቁ።

5. የሐኪም ማስረጃውን በሚጠቅም መልኩ ያጽፉ

«ታማሚ ስለሆነ ትብብር ይደረግለት» የሚል ወረቀት ፋይል ውስጥ ከመተኛት በቀር ጥቅም የለውም። ሐኪሙ እንዲጽፍልዎት የሚፈልጉት የሕመሙን ታሪክ ሳይሆን ሕመሙ ከሰዓት ጋር ያለውን ግንኙነት ነው፦ ጠዋት ላይ ምን እንደሚያግድ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ጊዜያዊ ነው ወይስ ቋሚ፣ የትኛው ለውጥ እንደሚረዳ። መዝገብዎን ለሐኪሙ ያሳዩት፤ ለታካሚ አሥር ደቂቃ ብቻ ያለው ሐኪም ያንን ሳያይ እነዚህን መስመሮች ሊጽፍ አይችልም።

የሕመሙ ስም መጻፍ አለበት ወይ? አገርና አሠሪ ይለያያሉ፤ ግልጽ ባልሆነ ጉዳት አሠሪው ማስረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው በብዙ ቦታ ይታወቃል፣ ሙሉ የሕክምና ፋይል የመጠየቅ መብት ግን የለውም። የእኔ ምክር ስሙ ለሰው ሀብት ክፍል ብቻ በታሸገ ፖስታ ይሂድ፣ የቅርብ ኃላፊው ደግሞ የሚመለከተውን ሰዓት ብቻ ይወቅ የሚል ነው። በተለይ የአእምሮ ሕመም ከሆነ ይህን ጥንቃቄ አይተዉት።

6. ጥያቄውን በጽሑፍ ያስገቡ

በቃል መነጋገር ጥሩ ነው፣ ግን ቃል ይረሳል፤ ኃላፊም ይዛወራል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ለ፦ የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል

ጉዳዩ፦ የሥራ መግቢያ ሰዓት እንዲመቻችልኝ ስለመጠየቅ

በሰነድ ክፍል በመረጃ መዝጋቢነት የማገለግል ሠራተኛ ነኝ። ባለብኝ አካል ጉዳት ምክንያት ጠዋት ከነቃሁ በኋላ ሥራ ለመጀመር የሚያስችል እንቅስቃሴ እስካገኝ ድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስድብኛል። ይህን የሚያረጋግጥ የሐኪም ማስረጃ በታሸገ ፖስታ አያይዤ አቅርቤአለሁ።

ስለሆነም የመግቢያ ሰዓቴ ከጠዋቱ 2፡30 ወደ 3፡30፣ የመውጫ ሰዓቴ ከ11፡30 ወደ 12፡30 እንዲዛወርልኝ እጠይቃለሁ። ጠዋት 3፡00 ላይ የሚቀርበውን ዕለታዊ ዝርዝር በዋዜማው ከመውጣቴ በፊት አጠናቅቄ አስረክባለሁ። ለውጡ ለሦስት ወር በሙከራ እንዲታይና ከዚያ በኋላ አብረን እንድንገመግመው ሐሳብ አቀርባለሁ። በተጨማሪም የአሻራ መስጫው በመግቢያው በር አካባቢ እንዲሆን ወይም በሌላ መንገድ እንድፈርም እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።

በጉዳዩ ላይ ለመነጋገር ዝግጁ መሆኔን እየገለጽሁ ምላሹ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለቅርብ ኃላፊዬ

ደብዳቤው ውስጥ ይቅርታ የሚል ቃል የለም። ልመናም የለም። መዝገብ ቤት ሲያስገቡ በቅጂዎ ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም ያስደርጉ፤ በኢሜይል ከሆነ የላኩትን ያስቀምጡ። ያ ቀን ኋላ ላይ ዋጋ ይኖረዋል።

7. ወደ ውይይቱ ሲገቡ

የሚነሡት ተቃውሞዎች ጥቂቶች ናቸው፣ ተመሳሳይም ናቸው። «ለአንተ ከፈቀድን ሁሉም ይጠይቃል» ይባላል፤ መልሱ ማስረጃ ያቀረበ ሁሉ ይጠይቅ ነው፣ ጥያቄው የሚታየው በየሰው ነውና። «ከ11፡30 በኋላ ማን ይቆጣጠርሃል?» ይባላል፤ ይህኛው ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ስለሆነ መልስ ይዘው ይግቡ፦ በዚያ ሰዓት የሚሠሩት ተግባር ምን እንደሆነ፣ ጠዋት ላይ ውጤቱ እንዴት እንደሚታይ፣ ሕንፃው እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ። «የምሳ ሰዓትህን ሠርተህ አካክስ» ከተባሉ ከመስማማትዎ በፊት ያስቡበት። የዕረፍት ጊዜ በሕግ የተወሰነባቸው ቦታዎች አሉ፤ መድኃኒት በምግብ ሰዓት የሚወስድ ሰው ደግሞ ምሳውን መሸጥ አይችልም።

አሠሪው ሌላ አማራጭ ሊያቀርብ ይችላል፤ ይህም መብቱ ነው። የሚሠራ ከሆነ ይቀበሉት። የሥራ ሰዓትን መቀነስ የሚያካትት ከሆነ ግን ደመወዝ፣ ዓመት ፈቃድና ጡረታ ላይ ምን እንደሚያስከትል በጽሑፍ ሳያዩ አይፈርሙ። ሰዓት መግፋትና ሰዓት መቀነስ በአፍ ይመሳሰላሉ፣ በደመወዝ ወረቀት ላይ ግን አይገናኙም።

ብቻዎን መግባት ከከበደዎት የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ይዘው ይግቡ።

8. የተፈቀደው ነገር ወደ መሣሪያው መግባቱን ያረጋግጡ

ኃላፊው ፈቅዷል፣ ደብዳቤው ወጥቷል፣ የወሩ ደመወዝ ግን ተቆርጦ ይመጣል። ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ የአሻራ መቆጣጠሪያው አሁንም 2፡30ን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ሥርዓቱን የሚያስተዳድረው ባለሙያ የእርስዎን መግቢያ ሰዓት መቀየሩን በመጀመሪያው ሳምንት ይጠይቁ፤ የመጀመሪያውን ወር የሰዓት ዝርዝርም ቅጂ ይቀበሉ። የጣት አሻራው የማይነበብለት፣ ለምሳሌ ቃጠሎ የደረሰበት ወይም ጣቱ የተጣመመ ሠራተኛ፣ አምስት ጊዜ እየሞከረ የሚያባክነው ደቂቃም ማርፈድ ሆኖ እንዳይመዘገብ በካርድ ወይም በፊርማ ይተካለት።

በሙከራው ጊዜ የራስዎን መዝገብ ይቀጥሉ። ከሦስት ወር በኋላ ግምገማው ላይ «ደህና ነበር» ከማለት ይልቅ ከ60 የሥራ ቀናት በስንቱ በአዲሱ ሰዓት እንደተገኙ መናገር ይችላሉ።

9. ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ደርሶዎት ከሆነ

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር ልናገር። ማመቻቸት በአብዛኛው ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሠራም። የአሜሪካው የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽንም አሠሪ ከጥያቄው በፊት የተሰጠን ቅጣት እንዲሰርዝ እንደማይገደድ ይገልጻል። እስካሁን ያሉት ማስጠንቀቂያዎች ፋይል ውስጥ ይቆዩ ይሆናል። ቢሆንም በዚያው ቀን ጥያቄውን ያስገቡ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ከጥያቄዎ ማግሥት የተጻፈ ሆኖ ስለሚታይ ክብደቱ ይለወጣል። ለደረሰዎት ማስጠንቀቂያም ምክንያቱን የሚገልጽ አጭር መልስ ጽፈው እንዲያያዝልዎት ያድርጉ። ዝም ማለት እንደ ማመን ይቆጠራል።

ጥያቄው ከተከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። «አይቻልም» ምክንያት አይደለም፤ የትኛው ተግባር እንደሚጎዳ፣ ምን ወጪ እንደሚያስከትል መነገር አለበት። ከዚያ በመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ሰሚ ሥርዓት፣ በሠራተኛ ማኅበር፣ የሥራ ጉዳይ በሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ፣ በመጨረሻም በፍርድ ቤት ይቀጥላል። የማመልከቻ ጊዜ ገደቦች አጫጭር ስለሆኑ ቀኑን ከመጀመሪያው ይቁጠሩ።

ለኃላፊዎች

ሠራተኛዎ ይህን ጥያቄ ይዞ ሲመጣ «ማመቻቸት» የሚለውን ቃል ላይጠቀም ይችላል። «መድኃኒቱ ጠዋት ያደክመኛል» ካለ ጥያቄው ቀርቧል ማለት ነው፤ የተለየ ቅጽ እስኪሞላ አይጠብቁ። ስለ ሕመሙ ከመጠየቅ ይልቅ ስለ ሰዓቱ ይጠይቁ። ለክፍሉ ሠራተኞችም «የሥራ ሰዓቱ ተነጋግረንበት የተወሰነ ነው» ከሚለው በላይ አንድም ቃል አይጨምሩ፤ ለምን እንደሆነ መንገር የእርስዎ ፈንታ አይደለም። የቡድኑን አስተያየት እጅ አስነሥቶ መሰብሰብ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

የሥራውን መጠንና ጥራት አይቀንሱለት። በሌላው ሠራተኛ ላይ የሚያዩትን ሁሉ በእርሱም ላይ ይዩ፤ የተለወጠው የመግቢያ ሰዓቱ ብቻ ነው። ለዓመታት በዝምታ ያለፉትን ማርፈድ ድንገት መቅጣት ግን የኒውዮርኩ ጉዳይ እንዳሳየው ሰዓቱ ወሳኝ አልነበረም የሚል ማስረጃ በራስዎ ላይ ማቅረብ ነው። ሰዓቱ በእርግጥ ወሳኝ ከሆነ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይጻፉት፣ በሁሉም ላይ እኩል ያስከብሩት፤ በዚያ ቦታ ማመቻቸት ካልተቻለም ሠራተኛው የሚችለው ሌላ ክፍት የሥራ መደብ እንዳለ ይፈልጉ።

ከቦታዎ ሲዛወሩ ደግሞ በርክክብ ሰነዱ ላይ የዚህን ሠራተኛ የሰዓት ፈቃድ፣ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ጠቅሰው አንድ መስመር ያስገቡ። አዲሱ ኃላፊ በመጀመሪያው ሰኞ 2፡30 ላይ ባዶ ወንበር አይቶ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዳያረቅ የሚያደርገው ያ መስመር ነው።